ለአባትሽ መቃብር፣ ከእምነ በረዱ በፊት ውሃውን አስቢ

በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጥናሽ። የአባትሽን ነፍስ ይማር።

ነገሩን እንደተረዳሁት ላስቀምጠው። አባትሽ ባለፈው ጥር አርፈው ጎንደር ተቀብረዋል። አንቺ ያለሽው አሜሪካ ነው። እዚያ የሬሳ ሣጥን ከኮንክሪት በተሠራ ሌላ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ሲቀበር አይተሻል፤ ቮልት ይሉታል። የኛ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራ እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ ሥራው ላይ እንዳለንና ምን ምን እንደምንሠራ ጠይቀሻል። ወንድሞችሽ ሐምሌ ላይ ሲመጡ መቃብሩ ሙሉ እምነ በረድ ለብሶ እንዲጠብቃቸው ይፈልጋሉ። እናትሽ ደግሞ ቀናቸው ሲደርስ ከጎናቸው ማረፍ ይፈልጋሉ።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። ለሐምሌ አይሆንም። ለሙት ዓመቱ ግን ይደርሳል። ቮልት አያስፈልጋችሁም። ብሩን ደግሞ ከላይ ለሚታየው ሳይሆን ከታች ለማይታየው አውጡት።

አሁን ወደ ረጅሙ ልግባ፤ ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ስለ ቤተሰቡ ጠይቀሽ የለ? እኔ ሦስተኛ ትውልድ ነኝ። አያቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ጣሊያን በ1928 ጎንደር ከገባ በኋላ ፒያሳን ሲገነባ ቀን ሠራተኛ ሆነው ገቡ፤ ሲሚንቶ ማቡካትና ፌሮ ማሰር የለመዱት እዚያ ነው። ጣሊያን በኅዳር 1934 እጁን ሰጥቶ ሄደ፣ ሙያው ግን ቀረ። ከዚያ በፊት በኛ አገር መቃብር ማለት አፈር ነው፣ ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደርበታል። የትልቅ ሰው ከሆነ በኖራ ይገነባል። ኖራ እዚህ አካባቢ ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ፋሲል ግቢም የቆመው በኖራ ነው። ግቢው ውስጥ ግን የንጉሥ መቃብር አትፈልጊ። አፄ ፋሲል ያረፉት ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም ያለው ቁስቋም ነው። ፋሲል መዋኛ አጠገብ ደግሞ ጉልላት ያላት ትንሽ ግንብ አለች፤ የፈረሱ የዞብል መቃብር ናት ይባላል። አባዬ በዚያ ባለፈ ቁጥር «ፈረሱ ከጌታው በልጦ አጠገባችን ቀረ» እያለ ይስቅ ነበር።

አባዬ ሥራውን የተረከበው በደርግ ጊዜ ነው። ሲሚንቶ እንደልብ የማይገኝበት ዘመን ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ በኋላ ትንሽ ተነፈሰ። እሱ ያመጣው አንድ ነገር ዛሬም የምንኖርበት ነው። በኛ አገር ሬሳ ብዙ አያድርም፤ ዛሬ ያረፈ ዛሬ ወይ ነገ ይቀበራል። ኮንክሪት ደግሞ ደህና ጥንካሬውን የሚይዘው በ28 ቀኑ ነው። ታዲያ ሰው ካረፈ በኋላ ሄደሽ ኮንክሪት ብታቦኪ ለማን ይደርሳል? ስለዚህ አባዬ የመቃብሩን ክዳን በቁርጥራጭ አድርጎ ግቢያችን ውስጥ አስቀድሞ መሥራት ጀመረ። ዛሬም ግቢያችን ብትመጪ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ክዳኖች ታያለሽ። እያንዳንዱ 90 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ 8። ሁለት ጫፉ ላይ የተቆለመመ ፌሮ ወጣ ብሏል፣ ገመድ የሚገባበት። አንዱ 70 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን አራት ጎረምሳ ይዞት ይወርዳል። ሌሊት ስልክ ሲጮህ ብዙ ጊዜ የሚደውለው የእድር ሰብሳቢ ነው፤ ሳይነጋ አይሱዙ ላይ ጭነን እንሄዳለን፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር ጎንና ጎኑን በጥርብ ድንጋይ እንገነባለን፣ ፍትሐቱ አልቆ ሬሳው ሲገባ ክዳኑ ይደረደራል፣ ከዚያ አፈር ይመለሳል። ለአባትሽ እንደዚህ አልተደረገም፤ እንደነገርሽኝ በቀጥታ አፈር ነው የገቡት። ችግር የለም፣ አብዛኛው ሰው እንደሱ ነው። ግን ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ስለ ቮልት ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። እዚያ አገር ቮልት ግዴታ የሚመስለው ሕግ ስላለ አይደለም። በየትኛውም ክፍለ ግዛት ሕግ አያስገድድም፤ የሚያስገድዱት የመቃብር ቦታዎቹ ናቸው፣ መሬቱ እንዳይሰምጥና የሣር ማጨጃቸው እንዳይገለበጥ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሬሳ ሰርቀው ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚሸጡ ሌቦች ስለነበሩ፣ ከባድ ክዳን የሚፈለገው ለጥበቃ ጭምር ነበር። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ታቹ ቀዳዳ ያለው ተራ የኮንክሪት ሣጥን ነው፤ አፈሩን ከመሸከም ሌላ ሥራ የለውም። ሌላው ዙሪያው በፕላስቲክ ወይም በብረት ተለብዶ ክዳኑ የሚታሸገው ነው፤ ውሃ አያስገባም ይባላል፣ ዋጋውም ያንን ያህል ነው። ሻጮቹ «ሬሳ ሳይፈርስ ያቆያል» ብለው እንዳይሸጡ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከፈረንጆቹ 1984 ጀምሮ ደንብ አውጥቶ ከልክሏል። ደግ አደረገ። የታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለው እርጥበት የት ይሄዳል?

እኛ ታቹን አንዘጋም። አንደኛ ሃይማኖቱም ልማዱም ሰው ወደ መሬት ይመለስ ነው የሚለው፤ ብዙ ካህናት ወለሉ በሲሚንቶ ሲደፈን ደስ አይላቸውም። ሁለተኛው የኔ የሙያ ምክንያት ነው፤ የገባ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ያንቺን ጥያቄ በቀጥታ ልመልሰው፦ የኛ መቃብር ታቹ ቀዳዳ ላለው ለመጀመሪያው ዓይነት ይቀርባል። የታሸገውን ሥራልኝ የሚለኝ ሰው አልፎ አልፎ ይመጣል። አልሠራም።

አሁን ወደ ዋናው።

ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። መሬቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ኮረብታ ላይ ያሉት ደብሮች ዘንድ ትንሽ ቆፍረሽ አለት ታገኛለሽ። ወደ አዘዞ ሜዳ ስትወርጂ ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ያስቀመጥሽውን ሁሉ በየዓመቱ ያነሣል፣ ይጥላል። አባትሽ ያረፉበት ደብር ዋልካው ላይ ነው፤ ስሙን ስትጽፊልኝ ወዲያው አወቅሁት።

አዲስ መቃብር ደግሞ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። መጀመሪያ የተመለሰው አፈር ራሱ ይጠቀጠቃል፤ ይኼ አንድ ክረምት ይበቃዋል፣ ግማሹ ቁመት አንድ ሐምሌ ውስጥ ሲሄድ ታያለሽ። ቀጥሎ ሣጥኑ ይሰበራል። ዛሬ ሣጥን የሚሠራው ከኮምፖንሳቶና ከስስ ጣውላ ነው፤ እርጥብ ዋልካ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ አንድ ቀን ክዳኑ ይገባና ከላይ ያለው አፈር አብሮ ይከተላል። ይኼኛው መቼ እንደሚሆን ማንም አይነግርሽም።

እና ሐምሌ ላይ ሙሉ እምነ በረድ ብናለብሰውስ? በጥቅምት ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው ከራስጌ በኩል ማዕዘኑ ላይ ነው፣ ፀጉር የምታክል መስመር ሆና። ሰው እምነ በረዱ መጥፎ ነበር ይላል። እምነ በረዱ ምንም አላጠፋም፤ ከሥሩ ያለው ሄዶበት ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ የጠገንኳቸው መቃብሮች አብዛኞቹ አሮጌ አይደሉም፣ ለአርባው ወይም ለሰማንያው ተጣድፈው የተሠሩ ናቸው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ግንባታውን ጉድጓዱ ላይ አታሳርፊው። ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ ያልተቆፈረ፣ ሰው ያልነካው መሬት አለ። እዚያ ላይ ሁለት መሠረት እንቆፍራለን። ዋልካ ከሆነ ጥቁሩን አፈር የቻልነውን ያህል አውጥተን በገረጋንቲ ወይም በድንጋይ እንተካዋለን፣ በድንጋይና በሲሚንቶ እናነሣዋለን፣ ከዚያ ከመሠረት መሠረት እንደ ድልድይ የሚያርፍ ሶሌታ፣ ማለትም ፌሮ የገባበት የኮንክሪት ጠፍጣፋ፣ እንሞላለን። ከሥር ያለው አፈር ቢወርድ ሶሌታው ምንም አይሆንም። እንዲያውም በሶሌታውና በአፈሩ መካከል ትንሽ ክፍት ብንተውለት ይሻላል፣ ዋልካው ሲያብጥ እንዳይገፋው።

ሶሌታው ላይ አንድ ነገር አንቺም ወንድሞችሽም ቆማችሁ እዩ፣ ማንም ይሥራላችሁ። ውፍረቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ፌሮው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይታሰር። ዋናው ነገር ግን የት እንደሚቀመጥ ነው። ሶሌታ ክብደት ሲያርፍበት የሚለጠጠው ከሥሩ ነው፣ ስለዚህ ፌሮው ወደ ታች መሆን አለበት፤ ግን መሬት ላይ መተኛት የለበትም። ከሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል፣ በትንንሽ የሲሚንቶ ጠፍጣፋ ይደገፍ። ብዙ ግንበኛ ፌሮውን መሬት ላይ ዘርግቶ ኮንክሪቱን ይደፋበትና «እያነሣሁ እሠራለሁ» ይላል። አያነሣም። እርጥበት ያገኘው ፌሮ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ከሥሩ ይገፈትረዋል። ከላይ ምንም አይታይም፣ እስኪወድቅ ድረስ። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀን ጆንያ አልብሶ ውሃ ማጠጣት ነው፤ ይኼን የማይሠራ ሰው በዝቷል፣ ምክንያቱም ማንም አያየውም።

ከዚያ ቦይ። መቃብሩ በቁልቁለት ላይ ከሆነ ከላይ በኩል 40 ወይ 50 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይቆፈርና በጠጠር ይሞላል፣ የክረምቱን ውሃ አቅፎ ወደ ጎን ይወስደዋል። ወደ ጎረቤት መቃብር እንዳይለቀቅ ብቻ ተጠንቀቁ፤ በዚህ የተጣሉ ቤተሰቦች አውቃለሁ፣ ሽማግሌ ገብቶም አልበረደም። የላዩ ገጽታ ደግሞ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ይበል፣ በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ውሃ የተኛበት እምነ በረድ በሁለት ዓመት አረንጓዴ ይሆናል።

ስለ እናትሽ። ይኼ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው ሳያስብበት ይቀርና በኋላ ያማረ መቃብር እንሰብራለን። ሁለቱን ባንድ መሠረት ማቀፍ ይቻላል። የአባትሽ ወገን በቋሚ ሶሌታ ይዘጋል፣ የእናትሽ ወገን ግን ቅድም በነገርኩሽ ተነሺ ክዳን ይሸፈናል። ከላይ የሚለብሰውም ድንጋይ ከአባትሽ ወገን ጋር ሳይጣበቅ ለብቻው ይቀመጣል። ቀኑ ሲደርስ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ በግማሽ ቀን ተከፍቶ ይቆፈራል፤ የአባትሽ ወገን አይነካም። በመካከል ያለው ግድግዳ ግን አሁን ነው መሠራት ያለበት። ኋላ አዲስ ጉድጓድ ከአሮጌው አጠገብ ስትቆፍሪ ግድግዳ ከሌለ ዋልካው ይናዳል።

ከዚያ በፊት ግን እናትሽን ራሳቸውን ጠይቂያቸው። «ቤቴን ሳልሞት ልየው» ብለው ቆመው የሚያሠሩ እናቶች አሉ፤ ጠጠሩ አነሰ ብለው የተቆጡኝም አሉ። በሕይወት ያለ ሰው መቃብር መሥራት ሟርት ነው የሚሉም አሉ። የእሳቸውን ሐሳብ ወንድሞችሽ ሊወስኑት አይገባም።

ከላይ ምን ይልበስ? ነጭ እምነ በረድ ያምራል፣ ከቤኒሻንጉል የሚመጣው በተለይ። ግን አሲድ አይወድም። ለሙት ዓመት ብለው በሎሚ ወይም በመጸዳጃ ቤት አሲድ ያጠቡትና ገጹ ይበላል፣ ይሻክራል፣ ከዚያ ቆሻሻ ይይዛል። በተራ ሳሙናና በውሃ ብቻ ነው የሚታጠበው። ግራናይት አሲዱን ይችላል፣ ዋጋው ይከብዳል፣ ጽሑፉም ለመቅረጽ ያደክማል። ቴራዞ፣ ማለትም የሲሚንቶና የድንጋይ ጠጠር ድብልቅ፣ ርካሽ ነው፣ በደንብ ከተሞረደ አያሳፍርም። እኔን ብትጠይቂኝ የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ በደንብ ተጠርቦ ከሁሉም ይሻለኛል፣ ግን ዛሬ ማን ይሰማኛል፤ ሁሉም የሚያብረቀርቅ ይፈልጋል። እምነ በረድ ከመረጣችሁ የላዩ ውፍረት 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ 2 ሳንቲ ሜትሩን ለጎን ተጠቀሙበት። ጧፍ የሚበራበት ትንሽ ቦታም ለብቻው ይሠራ፤ ሰም የጠጣ እምነ በረድ አይለቅም።

ጽሑፉን የምትቀርጸው እህቴ ናት። ፊደሉን በወረቀት ላይ በልኩ ትነድፈዋለች፣ ድንጋዩ ላይ ትገለብጠዋለች፣ ከዚያ በመሮ ነው። ማሽን ቢኖርም «ጠ»ንና «ጨ»ን በእጅ የሚያክል የለም። ቀለም ብቻ የተቀባ ጽሑፍ ግን አታሠሪ፣ ሁለት ክረምት አያልፍም። ፎቶም ከሆነ ሴራሚክ ላይ የተጠበሰው ይሁን፤ በመስታወት ሥር የሚገባው ወረቀት ይነጣል። ስማቸውን በወረቀት ጽፈሽ ላኪ፣ በስልክ አልቀበልም። «ኃይሉ» ነው «ሃይሉ»፣ «ፀጋዬ» ነው «ጸጋዬ»፣ ቤተሰቡ ተስማምቶ ይላክ። የልደታቸው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጻፊ፤ ከውጭ የሚመጡት ወረቀቶች ላይ ልደቱ በፈረንጅ፣ ዕረፍቱ በኛ ሆኖ ሰውየው ስምንት ዓመት ያጥርበታል።

ሌላ ምን እንሠራለን? ፉካ እንሠራለን፣ ከመሬት በላይ በግንብ ውስጥ የሚሠራ መቃብር ነው፣ ቦታ በጠበበባቸው ደብሮች። ፉካ መሬት ላይ ስላልሆነ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ ወለሉ ወደ ኋላ ዘንበል ማለትና ከኋላ የአየር መውጫ ቱቦ መኖር አለበት። ፊቱን ብቻ አሳምሮ የደፈነ ሰው በመጀመሪያው በጋ ሽታው ይነግረዋል። አሮጌ መቃብርም እንጠግናለን፣ በኖራ የተሠራውን በኖራ። በጣሊያን ጊዜ የፋሲል ግቢን ክፍሎች በሲሚንቶ ጠግነው ኋላ እንደገና በኖራ ማረም አስፈልጓል፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ይዘጋና ድንጋዩን ያስበላዋል። እዚሁ ጎንደር ላሉ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ወንድሞቻችን ደግሞ ለለህዱ፣ ማለትም በጉድጓዱ ጎን ለሬሳው ለሚቆፈረው ቦታ፣ መዝጊያ ጠፍጣፋ ድንጋይ እናቀርባለን፤ እነሱ ከላይ መገንባት አይወዱም፣ ሥራው ቀላል ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ማንም ግንበኛ አካፋ ከማንሣቱ በፊት የሰበካ ጉባኤው ፈቃድና የቦታው ደረሰኝ በእጃችሁ ይኑር። የእናትሽ ቦታም ደረሰኙ ላይ በግልጽ ይጻፍ። «እኔ አለሁ፣ አታስቡ» የሚል ሰው ነገ ላይኖር ይችላል። ቅርስ በሆኑት ደብሮች ቅጥር ውስጥ ከሆነ የቅርስ ኃላፊዎችም ይጠየቃሉ፤ ያንቺ ደብር ከነሱ ውስጥ አይደለም።

ዋጋ አሁን አልነግርሽም። ሲሚንቶውም ፌሮውም በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ዛሬ የነገርኩሽ ለኅዳር አይሠራም። ግን ከማንም ዋጋ ስትጠይቂ በዝርዝር ይጻፍልሽ፤ ሲሚንቶው ለብቻ፣ ፌሮው ለብቻ፣ ድንጋዩ፣ ማጓጓዣው፣ የእጅ ዋጋው። እዚያ ያሉት ቀብር አስፈጻሚዎች በመንግሥት ደንብ ተገደው ዝርዝር ዋጋ ይሰጡ የለ? እዚህ የሚያስገድድ ስለሌለ አስገዳጇ አንቺ ነሽ። ባንዴ ጠቅላላ ብር አትላኪ። ቀብድ፣ ከዚያ ሶሌታው ሲሞላ፣ የቀረው ጽሑፉ አልቆ ሰው ከእናንተ ወገን አይቶ ሲፈርም። ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት የፌሮው ፎቶ ይላክልሽ፣ ሜትር ተዘርግቶበት። የሚቆጣ ግንበኛ ካለ ተዪው።

ሰዓቱ እንዲህ ይሁን። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሄጄ ምን ያህል እንደወረደ አያለሁ። ኅዳር መሠረትና ሶሌታ፣ ታኅሣሥ ድንጋይና ጽሑፍ። ለጥር ይደርሳል።

ወንድሞችሽ ሐምሌ ሲመጡ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይቀመጡም። አንድ ሁለት ጋሪ ቀይ አፈር ያስመጡ፣ ዋልካ እንዳይሆን። የወረደውን ሞልተው ከዙሪያው መሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያድርጉት፣ ጀርባው ሞላ ብሎ ውሃ እንዲያፈስ፣ በእግር በደንብ ይረገጥ። ከላይ በኩል ቦዩን ዶማ ይዘው ራሳቸው ይክፈቱት። ራስጌው ላይ ያለውን የእንጨት መስቀል ግን አይንቀሉት፤ ልኩን የምይዘው ከእሱ ነው።